ቀሚሷ ከኋላ ሲያጥር

የመጀመሪያውን ምልክት ያየሁት ቀሚስ ላይ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ነገሌ ቦረና ገበያው አጠገብ ካሉት የስፌት ሱቆች በአንዱ እሠራለሁ። ልጄ ቢፍቱ አንደኛ ክፍል ስትገባ ሰማያዊ ዩኒፎርሟን የሰፋሁት ራሴ ነኝ፤ ጠርዙንም ዙሪያውን እኩል አድርጌ ነው የጨረስኩት። ከጥቂት ወራት በኋላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከኋላዋ እየሄድኩ ሳያት ቀሚሱ ከኋላ ወደ ላይ ተሰብስቧል፤ ከፊት ደግሞ ወርዷል። በአጠባ ብዛት ጨርቁ ተኮማትሮ ነው ብዬ ጠርዙን ፈትቼ አስተካከልኩት። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ አጠረ። የእሑድ ቀሚሷም እንደዚያው ሆነ። ሁለት የተለያዩ ጨርቆች ደግሞ በአንድ ዓይነት አይኮማተሩም። የተለወጠችው ልጅቷ እንጂ ልብሱ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ምኗ እንደተለወጠ ግን አላወቅሁም።

ቢፍቱ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። አባቷ ጃርሶ የከብት መኪና ሹፌር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። እኔና እሷ ነን አብረን የምንውለው። አብሮ የሚውል ሰው ደግሞ ቀስ ብሎ የሚመጣ ለውጥ ቶሎ አይታየውም። መጀመሪያ ገመድ መዝለል ተወች። ደክሞኛል ትላለች። ስትቀመጥ ሁለቱን እጆቿን ጭኖቿ ላይ ተክላ፣ ደረቷን በክንዶቿ የተሸከመች ትመስላለች። መሬት የወደቀ ነገር አንሺልኝ ስላት ጎንበስ አትልም፤ ጀርባዋን እንደ እንጨት ቀጥ አድርጋ ቁጢጥ ትልና ታነሳለች። ጨዋነት የተማረች መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አስተማሪዋ ግን አንድ ቀን ሱቄ ድረስ መጥታ፣ ልጅቷ ስትጽፍ በአንድ እጇ ዴስኩን ካልተደገፈች እንደማትቀመጥ፣ በዕረፍት ሰዓትም ግድግዳ ተጠግታ ሌሎቹን እያየች እንደምትቆም ነገረችኝ።

ምን ያምሻል ስላት አንዳንዴ ጀርባዬን፣ አንዳንዴ ሆዴን ትለኛለች። ወደ ማታ ሰውነቷ ሞቅ ይላል፤ ተኝታ ትቃትታለች፤ ጠዋት የለበሰችው ሁሉ በላብ ርሶ አገኘዋለሁ። ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። የሆድ ትል ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጣት። ሲደጋገም ታይፎይድ ነው ተባልኩ። መድኃኒቱን ስትወስድ ትንሽ ቀለል አላት፤ ሲያልቅ ትኩሳቱ ተመለሰ። ጀርባዋን ገልጦ ያየ ሰው አልነበረም፤ እኔም ገልጠው እንዲያዩ አልጠየቅሁም፤ መጠየቅ እንዳለብኝም የሚነግረኝ አልነበረም።

ትምህርት ሲዘጋ እንደየዓመቱ አሬሮ ወደሚኖሩት አያቷ ሄደች። የጃርሶ እናት ናቸው። ቢፍቱ አኮ ነው የምትላቸው፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። እኔም አኮ ዳርሚ እላቸዋለሁ። ግመልና ላም ያላቸው፣ ብርቱ ሴት ናቸው። ልጅቷ ወተት ትጠጣ፣ ትወፍር፣ ነፋስ ይንካት ብለን ተስማማን። ስትመለስ ይበልጥ ከስታ መጣች። ልብሷን አውልቄ ላጥባት ስል ጀርባዋ ላይ፣ ከትከሻዋ አጥንቶች ዝቅ ብሎ፣ ክብ ክብ የሆኑ የቃጠሎ ቁስሎች አየሁ። አኮ ዳርሚ በጋለ ብረት ተኩሰዋት ነው።

እዚያ አካባቢ ለማያውቅ ሰው ጭካኔ ይመስላል። አይደለም። ጀርባው የሚያመው ሰው፣ ጎኑን የሚወጋው ሰው ይተኮሳል፤ በሽታው በእሳት ይባረራል ተብሎ ይታመናል። ጃርሶ ከመንገድ ሲመለስ ነገርኩት። ሸሚዙን ገልጦ ከልጅነቱ ጀምሮ ደረቱ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየኝ። «እኔንም ተኩሰውኝ ድኛለሁ። ትንሽ እንጠብቅ» አለ። ቁስሉ እስኪደርቅ ጠበቅን። ቁስሉ ደረቀ። ልጅቷ አልዳነችም።

ከዚያ እግሯ መጣ።

አንድ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄድን ሜዳ መንገድ ላይ ወደቀች። ድንጋይ የለም። ጉድጓድ የለም። አነሳኋት። ትንሽ ሄዳ እንደገና ወደቀች። ምን ሆነሽ አልኳት። «እማዬ፣ እግሬ የእኔ አልመስል አለኝ» አለችኝ።

አዘልኳት። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አልገባሁም። በቀጥታ ወደ ከተማችን ሆስፒታል ሄድኩ።

ያገኘነው ተረኛ ሐኪም ወጣት ነበር። መጀመሪያ እኔን አላናገረም፤ እሷን ነው። «አካም ጅርታ፣ ቢፍቱ? ናጋ?» ብሎ በኦሮምኛ ደህንነቷን ጠየቃት። እሷም ቀስ ብላ «ናጋ» አለች። ጫማዋን አስወልቆ እንድትራመድ አደረጋት። እንደ ዕንቁላል ተሸካሚ ነበር የምትራመደው፤ እግሮቿ ግትር ብለዋል። ከዚያ እስክሪብቶውን መሬት ላይ ጣለና እንድታነሳለት ጠየቃት። እሷም ቤት እንደለመደችው ጠረጴዛውን ይዛ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ ቁጢጥ ብላ አነሳችለት። ሐኪሙ አመሰገናትና ልብሷን ከኋላ ገለጠ። ጣቱን ከአንገቷ ጀምሮ በአከርካሪዋ ላይ ቀስ እያለ አወረደ። ጠባሳዎቹ መሐል ሲደርስ ቆመ።

«እናት፣ እጅዎን ይስጡኝ» አለኝ። ጣቴን ወስዶ እዚያው ላይ አኖረው። ትንሽ እብጠት ነበረች፤ ጠንካራ፣ ሾል ያለች። ስታጠብ ነክቻት አውቃለሁ። ከመክሳቷ የተነሳ የወጣ አጥንት መስሎኝ ነበር። ስለ ጠባሳዎቹ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። አልተቆጣም። አያቷ ያመማትን ቦታ በትክክል አግኝተውታል፣ ግን ይህ በእሳት የሚድን ነገር አይደለም አለኝ።

ራጅ ተነሳች። ፎቶውን መስኮቱ ላይ ይዞ አሳየኝ። የአከርካሪ አጥንቶች እንደ ተደረደሩ ሣጥኖች ናቸው። ከመካከላቸው ሁለቱ ከፊት በኩል ተበልተው አንዱ በሌላው ላይ ተደፍቷል። የጎበጠችውም፣ ቀሚሷ ከኋላ ያጠረውም በዚህ ነው።

«የአከርካሪ ቲቢ ይመስለኛል» አለ።

አታስልም እኮ አልኩት። ቲቢ ሳንባ ውስጥ ብቻ እንደማይቀመጥ፣ በደም ተጉዞ አጥንትና መገጣጠሚያ ላይም እንደሚያርፍ፣ ልጆች ላይ ደግሞ ሳል ሳይኖር ቀስ እያለ አጥንት እንደሚበላ አስረዳኝ። እግሯ የደከመው በሽታው ወደ ኅብለ ሰረሰሯ ስለተጠጋ ሊሆን እንደሚችል ነገረኝና ዛሬውኑ ወደ ሐዋሳ መሄድ አለባችሁ አለ። ነገ ልብስ ይዤ እሄዳለሁ ስለው ራሱን ነቀነቀ። «ልብሱ ይደርሳል። እግሯ ግን አይጠብቅም» አለኝ።

በአምቡላንስ አስተኝተው ሰደዱን። ቀና እንዳትል፣ እንዳትጠማዘዝ ተብሏል። ጃርሶ ያኔ ሞያሌ መንገድ ላይ ነበር፤ ስልክ ደውዬ ሐዋሳ ናልን አልኩት። ከክብረ መንግሥት በኋላ መንገዱ ጫካ ውስጥ ይገባል። ቢፍቱ ተኝታ የዛፎቹን ጫፍ ብቻ ነው የምታየው። መኪናው በነጠረ ቁጥር ወገቧን በሁለት እጄ እይዛለሁ። ቦሬ ስንደርስ ጉም ነበር፤ በረዳት መሰለኝና ነጠላዬን እግሯ ላይ ጣልኩላት። ነጠላው እንደነካት አላወቀችም።

ሐዋሳ ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ አስተኟት። ኤምአርአይ ተነሳች። አጥንቱ ዙሪያ መግል ተጠራቅሞ ኅብለ ሰረሰሯን ተጭኖት ነበር። በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ላቦራቶሪው ቲቢ መሆኑን አረጋገጠ። መድኃኒቱ በዚያኑ ዕለት ተጀመረ።

እግሯ ግን እየባሰበት ሄደ።

የአጥንት ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት ይመጣል። በዕድሜ የገፋ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። መዳፉን ከእግሯ ሥር አድርጎ «ግፊኝ» ይላታል። ትገፋዋለች። በማግስቱ ትንሽ ትገፋዋለች። ከዚያ አልገፋችውም። ፊቷ ግን እንደሚገፋ ሰው ፊት ይኮማተር ነበር። እየገፋች መስሏታል።

ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠራን። ጃርሶ ደርሷል። መድኃኒቱ እንደሚሠራ፣ ብዙ ልጆችም በመድኃኒት ብቻ እንደሚድኑ፣ የቢፍቱ እግር ግን ከመድኃኒቱ ፈጥኖ እየደከመ መሆኑን ነገረን። ከጎን በኩል ገብቶ መግሉን ማውጣት፣ በኅብለ ሰረሰሯ ላይ ያለውን ጫና ማቅለል አለበት። ኦፕራሲዮን ነው። አደጋ አለው? አለው። ትራመዳለች? ቃል መግባት አልችልም አለ።

ጃርሶ ለእናቱ ደወለ። አኮ ዳርሚ ስልኩ ውስጥ ሲናገሩ እኔም እሰማ ነበር። የሰው ጀርባ አይቀደድም፣ ልጄን እንደ በግ አታሳርዱብኝ፣ ይዛችሁ ኑ እያሉ ነው። ጃርሶ ለእናቱ መልስ ሰጥቶ አያውቅም። ስልኩን ዘግቶ ግድግዳው ጋ ቆመ። ኋላ ወደ ሐኪሙ ሄደ።

«ዶክተር፣ የእርስዎ ልጅ ብትሆንስ?» አለው።

«የእኔ ልጅ ብትሆን እስካሁን አልጠብቅም ነበር» አለ ሐኪሙ።

ጃርሶ ፈረመ። በማግስቱ ወሰዷት። አልጋው በር ላይ ሲደርስ እጇን ለቀቅሁ። አላለቀሰችም። እኔም አላለቀስኩም። በሩ ተዘጋ። ተቀመጥን። መጸለይ ፈለግሁ። ስሟን ብቻ ነው የጠራሁት።

ሐኪሙ ወጥቶ መግሉ ወጥቷል አለን።

ስትነቃ እግሯ አልተንቀሳቀሰም። በማግስቱም አልተንቀሳቀሰም። ሐኪሙ እየመጣ ግፊኝ ይላል። ምንም የለም። ነርቭ እንደ ቁስል ቶሎ አይድንም፣ ታገሡ ይለናል። መታገሥ ማለት ምን እንደሆነ ያኔ ነው ያየሁት። ከአልጋው ግርጌ ተቀምጬ ጣቶቿን አያለሁ። ከምሳ በፊት አያለሁ። ከምሳ በኋላ አያለሁ። የማየው ጣት ብቻ ነበር።

እዚያ ክፍል ውስጥ የነበሩትን ሰዎች አልረሳቸውም፤ ስለ ልጆች አጥንትና መገጣጠሚያ የማውቀውን ብዙውን ነገር የተማርኩት ከእነሱ ነው። ከአጠገባችን ያለው አልጋ ላይ ከክብረ መንግሥት የመጣ ሕፃን ተኝቷል። ዳሌው ውስጥ መግል ይዞ ነበር። እናቱ እንደነገረችኝ ድንገት ትኩሳት ይዞት እግሩን አላስነካ አለ፤ ወጌሻ ወልቋል ብሎ አሸው፤ ሲታሽ ባሰበት። ዶክተሮቹ እንዲህ ያለው ነገር በሰዓታት እንጂ በቀናት አይቆጠርም ይሉ ነበር። ሌላዋ ደግሞ ከቦሬ የመጣች ገና ልጅ እግር እናት ናት። ልጇ ሲወለድ ሁለቱም እግሮቹ ወደ ውስጥ የተቆለመሙ ነበሩ። በየሳምንቱ እየመጣች ጀሶ ታስቀይራለች፤ እግሩም ቀስ በቀስ እየተቃና ነው። ከወለደች ብዙም ሳትቆይ ስላመጣችው ያለ ትልቅ ኦፕራሲዮን እንደሚስተካከል ነግረዋት ደስታዋን የምታደርግበት አጥታ ነበር። እኔ ያኔ ስለ ሌላ ሰው ደስታ መስማት ይከብደኝ ነበር፤ ቢፍቱ ግን የሕፃኑን ጀሶ አስጠግተው እንድትነካው ስትጠይቅ ሳይ አብሬ ፈገግ አልኩ።

የሕፃኑን ጀሶ በነካች በሳምንቱ ገደማ ይመስለኛል፣ የቀኝ እግሯ አውራ ጣት ተንቀሳቀሰ። እኔ አልነበርኩም ያየሁት። ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ነበር። ለጀሶ የመጣችው የቦሬዋ እናት ናት በር ላይ ጠብቃ እጄን ይዛ ያስገባችኝ። ሐኪሙ በማግስቱ መዳፉን ከእግሯ ሥር አድርጎ «ግፊኝ» አላት። «ይኸው ገፋሽኝ» አላት።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ረጅም ነው፤ ማገገም እንዲህ ቀርፋፋና ዝርዝር የሚበዛበት ነገር መሆኑንም አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። ነርሷ መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ እያሳየች ስማቸውን አስተማረችኝ፤ አይሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲን፣ ፓይራዚናማይድ፣ ኢታምቡቶል። ሽንቷ ብርቱካናማ ሲሆን ደም መስሎኝ ጮህኩ፤ የሪፋምፒሲን ቀለም መሆኑን፣ ጉዳት እንደሌለው ስታስረዳኝ ነው ልቤ የተመለሰው። ዓይኖቿ ቢጫ ከሆኑ፣ ካስመለሳት ወይም ማየት ካስቸገራት ግን ሳንዘገይ እንድንመጣ አስጠነቀቀችን። የአጥንት ቲቢ ሕክምና ከሳንባው ይረዝማል፤ የቢፍቱም ዓመት ሙሉ ነው፣ ሳይቋረጥ። ከዚያም ነርሷ አንድ ጥያቄ ጠየቀችን፤ ከልጅቷ ጋር ከሚኖሩት ወይም ከሚውሉት ሰዎች መካከል ለረጅም ጊዜ የሚያስለው ማን ነው?

እኔና ጃርሶ ተያየን። አኮ ዳርሚ ክረምት ከበጋ ያስላሉ። አቧራ ነው ይሉ ነበር፤ እኛም አቧራ ነው ብለን ለምደነዋል።

ጃርሶ እናቱን ሊያመጣ አሬሮ ሄደ። እምቢ አሉት። እኔ አልታመምኩም፣ ሐኪም ቤት የገባ ሰው ተቀዶ ነው የሚወጣው አሉት። ብቻውን ተመለሰ። እኛም ቢፍቱን ይዘን ወደ ነገሌ ተመለስን፤ ገና አትራመድም፣ ደረቷንና ጀርባዋን የሚይዝ ብሬስ የሚሉት የፕላስቲክ መደገፊያ ታስሮላታል። መመለሷን ሲሰሙ አኮ ዳርሚ ሳይጠሩ መጡ። ልጅቷን ካዩ በኋላ ሌላ ክርክር አላነሱም። በማግስቱ ጤና ጣቢያ አክታቸውን ሰጡ። ቲቢ ተገኘባቸው።

የጤና ጣቢያው የቲቢ ክፍል ነርስ፣ ሲስተር ሐና እንበላት፣ ውጤቱን ስትነግራቸው እኔ ነበርኩ ወደ ኦሮምኛ የማስተረጉመው፤ ሲስተሯ ከሌላ አካባቢ የመጣች ስለሆነ ቋንቋውን ገና እየለመደች ነበር። አኮ ዳርሚ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አስቴር፣ እኔ ነኝ የሰጠኋት?» አሉኝ።

ይህን ምን ብዬ እንደምተረጉም ጨነቀኝ። እንዳለ ተረጎምኩት። ሲስተር ሐና ወንበሯን አስጠጋች። «ከማን ወደ ማን እንደሄደ ማንም በእርግጠኝነት ሊነግርዎት አይችልም፤ ካልፈላ ወተትም ሊመጣ ይችላል» አለቻቸው። «ማወቅ የምንችለው አንድ ነገር ብቻ ነው። መድኃኒቱን ከወሰዱ ለሌላ ልጅ አይሰጡም።»

አኮ ዳርሚ ዕቃቸውን ከአሬሮ አስመጥተው ከእኛ ጋር ተቀመጡ። መጀመሪያ ላይ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ከልጅቷ ርቀው ነበር የሚውሉት፤ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ አያስተላልፉም ካሉ በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት አብረው ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዱ ጀመር፤ ቢፍቱ በጃርሶ፣ እሱ መንገድ ላይ ሲሆን በእኔ ጀርባ፣ እሳቸው በምርኩዛቸው። ሁለቱም ክኒናቸውን ከሲስተር ሐና ፊት ይውጣሉ። አኮ ዳርሚ ክኒኑን እጅግ ይጠሉት ነበር፤ ቢፍቱ ስትውጥ አይተው ነው የሚውጡት። እኛ ቤት ወተት ማፍላት የጀመርነው ያኔ ነው። እሳቸው ጣዕሙ ሞተ ብለው እስከ ዛሬ ያማርራሉ፤ እያማረሩም ይጠጡታል።

ብሬሱ ቆላ ውስጥ መከራ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ቆዳዋ ይላላጣል፣ ያሳክካታል፣ አውልቁልኝ ትላለች። ጃርሶ ስታለቅስ ሲያይ አንጀቱ አይችልምና ለአንድ ከሰዓት እናውልቅላት እያለ ይለምነኝ ነበር። ሐኪሙ አጥንቱ ሳይጠነክር ከወለቀ ጀርባዋ ይበልጥ ሊታጠፍ እንደሚችል ስለነገረን አላወለቅንም። እኔ ከቀጭን ጥጥ፣ ስፌቱ ወደ ውጭ የዞረ፣ ቆዳዋን የሚቆረቁር ነገር የሌለው የውስጥ ልብስ እየሰፋሁ በቀን ደጋግሜ እቀይርላታለሁ። ልብስ ሰፊ በመሆኔ ለልጄ የጠቀምኳት አንዱ ነገር ይህ ነው። ሠፈራችን ያለ አናጢ ደግሞ ይዛ የምትቆምበት የእንጨት መደገፊያ ሠራላት፤ መጀመሪያ መቆም፣ ቀጥሎ መራመድ፣ ኋላም ያለ መደገፊያ ከቤት እስከ ግቢው በር መድረስ ቻለች። በር ላይ የደረሰች ቀን አኮ ዳርሚ እጃቸውን ዘርግተው በኦሮምኛ መረቋት፤ እኔ ደግሞ ቤት ገብቼ፣ ሐዋሳ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ብዙ ጸለዩልን። አንዲት እኅት ልጅቷ ከተራመደች መድኃኒቱን መቀጠል አለማመን ነው ብላኝ ነበር። ፓስተራችን ሰምቶ እቤት ድረስ መጣ፤ የመጨረሻው ክኒን እስኪዋጥ እንጸልያለን፣ ክኒኑም ይዋጣል አለ። ይህን ቃሉን አመሰግናለሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ካቆሙ በኋላ በሽታው ጠንክሮ የተመለሰባቸውን ሰዎች ጤና ጣቢያው በር ላይ አይቻለሁ።

አሁን ቢፍቱ ስምንተኛ ክፍል ናት። ትራመዳለች፣ ትሮጣለችም፤ ቀኝ እግሯ ሲደክማት ትንሽ ይጎተታል። ጀርባዋ ላይ ያለው ጉብታ አልጠፋም፤ አይጠፋምም። ከእኩዮቿ አጠር ያለች ናት። በየዓመቱ ሐዋሳ ሄዳ ራጅ ትነሳለች፤ ልጅ በፍጥነት በሚያድግበት ዕድሜ ጀርባው ይበልጥ ሊታጠፍ ስለሚችል ሐኪሙ የመታጠፏን መጠን ይለካል። ባለፈው ጊዜ ትንሽ ጨምሯል። ገና እናያለን፣ ምናልባት ሌላ ኦፕራሲዮን ያስፈልግ ይሆናል ብሎናል። እንግዲህ ዳነች ስላችሁ ጭንቀቱ አልቋል ማለቴ አይደለም።

በመጀመሪያ የጀርባዋን ልብስ ገልጦ ላየው ወጣት ሐኪም፣ ቃል ሳይገባ ለሠራው የአጥንት ሐኪም፣ አማቴን ሳታሳፍር ላከመቻቸው ሲስተር፣ በር ላይ ለጠበቀችኝ የቦሬ እናት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አኮ ዳርሚም ድነዋል። አሬሮ ሲመለሱ ጀርባዬን አመመኝ ያለ ልጅ ሁሉ ሐኪም ቤት ይሂድ እያሉ ይናገራሉ። ለጎን ውጋት ግን ብረት ይሻላል ይላሉ፤ በዚህ አልተስማማንም።

ልጅ ላላችሁ የምለው ይህን ነው። ልጅ ያለ ምክንያት ጨዋታ አይተውም። ሳምንታት የቆየ የጀርባ ሕመም፣ በእንቅልፍ ልብ የሚያቃስት፣ ማታ ማታ ትኩሳትና ላብ ያለው ልጅ ካላችሁ ልብሱን አውልቃችሁ ጀርባውን እዩ፣ በጣታችሁ ዳስሱ፤ ሐኪሙም እንዲያይ ጠይቁ። ድንገት አንድ መገጣጠሚያው አብጦ የጋለ፣ ትኩሳት ይዞት እግሩን መሬት አላስረግጥ ያለ ልጅ ካለ ወጌሻ አይንካው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይድረስ። ሕፃን እግሩ ተቆልምሞ ከተወለደ ሲያድግ ይስተካከላል ብላችሁ አትጠብቁ፤ በሳምንታት ዕድሜው በጀሶ ይቃናል። ወተት አፍሉ። ቤት ውስጥ የሚያስል ሽማግሌ ካለ በፍቅር ይዛችሁት ሂዱ። የተጀመረ መድኃኒት እስኪያልቅ ይወሰድ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለቢፍቱ ሰጠኋት፤ ስለ እሷ ነውና ያልፈለገችውን ላወጣ ነበር። ሁሉንም አነበበች። የምታወጣው ነገር አልነበራትም። አንድ ነገር ግን እንድጨምር ጠየቀችኝ። «ጀርባዋ አሁን አያማትም በዪ» አለችኝ። «ሰዎች ሲያዩኝ የሚያመኝ ይመስላቸዋል፤ እያዘኑ ያወሩኛል። አያመኝም። እንደዚያ ብለሽ ጻፊ።»

ጽፌያለሁ።